የኤሌክትሪክ መኪናዬ የኋላ ጎማዎች ለምን በ17,000 ኪሎ ሜትር አለቁ?

ጠያቂያችን የላኩት ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው፦ «ለ9 ዓመት ቶዮታ ቪትዝ ነድቻለሁ። አራት ጎማ አንዴ ከገዛሁ ከ40,000 ኪሎ ሜትር በላይ ያገለግለኝ ነበር። አምና ቪትዟን ሸጬ ከቻይና የመጣ ፎልክስዋገን አይዲ 4 ገዛሁ። መኪናው ገና 17,000 ኪሎ ሜትር እንደሄደ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች በውስጥ በኩል ተበልተው ሽቦ ሊያወጡ ደርሰዋል። የውጭው ጥርስ ግን ገና ጥሩ ነው፤ የፊቶቹም ደህና ናቸው። ጎሚስታው ‹የቻይና ጎማ ስለሆነ ነው› አለኝ። ጓደኛዬ ደግሞ ‹የኤሌክትሪክ መኪና ሁሉ ጎማ ይበላል፣ ልመደው› ይለኛል። ከአንድ ወር በፊት አላይመንት (የጎማዎች አቅጣጫ ማስተካከያ) አሠርቼ ነበር። ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው? አዲስ ጎማ ከመግዛቴ በፊትስ ምን ላድርግ?»

ከጥያቄዎ ውስጥ ዋናውን ፍንጭ የሰጠኝ «የውጭው ጥርስ ግን ገና ጥሩ ነው» ያሉት ነው። ጓደኛዎ የነገሩዎት ሐሰት አይደለም፤ ከባድና ጉልበተኛ መኪና ጎማ ቶሎ ይጨርሳል። ነገር ግን አንድ ጎማ ምን ያህል ቶሎ አለቀ የሚለውና የት ቦታ ላይ አለቀ የሚለው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። የመኪናው ክብደትና የሞተሩ ጉልበት ለመጀመሪያው መልስ ይሆናሉ፤ ውስጠኛው ጠርዝ ብቻ ተመርጦ ለምን እንደተበላ ግን አያስረዱም። እንዲህ ያለውን አበላል የሚያመጣው የኋላ እግሮቹ አቀማመጥ ነው። እሱ ሳይስተካከል የሚገጠም ጎማ ከየትኛውም አገር ቢመጣና የቱንም ያህል ውድ ቢሆን በዚያው መንገድ ያልቃል።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት ግን የሚቀድም ነገር አለ። ሽቦው ሊወጣ የደረሰ ጎማ ይዘው ከከተማ አይውጡ፤ በተለይ በአዳማው የፍጥነት መንገድ ላይ አይንዱ። የፊት ጎማን ውስጠኛ ጠርዝ መሪውን እስከ መጨረሻው በማዞር ማየት ይቻላል። የኋላው ግን ከመሪው ጋር ስለማይዞር ውስጡ ሁልጊዜ የተሸፈነ ነው፤ ቆመው ሲያዩት አዲስ የሚመስል ጎማ ከውስጥ በኩል ጨርቁ ድረስ ተበልቶ ሊሆን ይችላል። እርስዎ በጊዜ ማየትዎ ትልቅ ነገር ነው። ብዙዎች የሚያዩት ጎማው መንገድ ላይ ከፈነዳ በኋላ፣ ወይም በክረምት ዝናብ መኪናው ውሃ ላይ ተንሳፍፎ ከመስመሩ ሲወጣ ነው።

አሁን ፍጥነቱን እንመልከት። ቪትዝ ባዶዋን ወደ 1,000 ኪሎ ግራም ትመዝናለች፤ ትልቁ ባትሪ ያለው አይዲ 4 ደግሞ ወደ 2,100 ኪሎ ግራም ይደርሳል። መሬት የሚነካው የእያንዳንዱ ጎማ ክፍል ከሰው መዳፍ ብዙም የማይበልጥ በመሆኑ ይህ ልዩነት ሁሉ የሚያርፈው እዚያች ላይ ነው። በዚያ ላይ የቪትዝ 1.3 ሊትር ሞተር ወደ 120 ኒውተን ሜትር (የመጠምዘዝ ኃይል መለኪያ) የሚሆነውን ጉልበቱን የሚሰጠው ብዙ ከዞረ በኋላ ሲሆን፣ የአይዲ 4 የኋላ ሞተር ግን 310 ኒውተን ሜትሩን ከቆመበት ጀምሮ ይሰጣል። መብራት ሲለቅ ፔዳሉን ጫን ባሉ ቁጥር ጎማው አስፋልቱን እየፋቀ ይነሣል። የሚያፏጭ ድምፅ አለመሰማቱ ጎማው አልተፋቀም ማለት አይደለም፤ ጆሮ የማይሰማው ጥቃቅን መንሸራተት በቀን መቶ ጊዜ ይደርሳል።

ሌላም ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ። ቪትዝ በፊት እግሯ የምትጎትት መኪና ናት፤ መጎተቱም መታጠፉም አብዛኛው የፍሬን ሥራም የፊት ጎማዎች ነው። ስለዚህ በቪትዝ ቀድመው የሚያልቁት የፊቶቹ ነበሩ። በአንድ ሞተር የሚሠራው አይዲ 4 ግን በኋላ እግሩ ይገፋል። መሪው አጠገብ ባለው መምረጫ «ቢ» የሚለውን ከመረጡ ደግሞ እግርዎን ከፔዳሉ ሲያነሡ ሞተሩ እንደ ፍሬን ሆኖ ባትሪውን ይሞላል፤ ያ የመያዝ ኃይልም የሚያልፈው በእነዚያው የኋላ ጎማዎች በኩል ነው። ከመገናኛ እስከ ሜክሲኮ ባለው መጨናነቅ መነሣቱንም መቆሙንም የሚሸከሙት የኋላዎቹ ብቻ ናቸው ማለት ይቻላል። የፊቶቹ ደህና መሆናቸው ሊያስገርምዎ አይገባም።

እስከዚህ ያለው ሁሉ ጎማውን እኩል ይጨርሰዋል እንጂ አንድ ጎኑን ብቻ አይበላም። እዚህ ላይ ቀላል ስሌት ላሳይዎ። አዲስ የመኪና ጎማ የጥርሱ ጥልቀት ብዙውን ጊዜ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በጥርሶቹ መካከል ባለው ቦይ ውስጥ ትናንሽ የጎማ ጉብታዎች አሉ፤ ቁመታቸው 1.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጥርሱ ከእነሱ ጋር እኩል ሲሆን ጎማው አልቋል ማለት ነው። ስለዚህ የሚጠቀሙበት ላስቲክ 6.4 ሚሊ ሜትር ነው። የጎማዎ መካከል አሁን ቢለካና 5 ሚሊ ሜትር ቢቀረው፣ በ17,000 ኪሎ ሜትር የተበላው 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ በዚህ አካሄድ ጎማው እኩል ቢያልቅ ኖሮ እስከ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄድ ነበር። ይህን ልኬት በራስዎ ጎማ ላይ ቢያደርጉት ከጠፋብዎ ዕድሜ ምን ያህሉ የመኪናው ባሕርይ፣ ምን ያህሉ ደግሞ ሊታረም የሚችል ጥፋት እንደሆነ በቁጥር ያዩታል። በእኔ ግምት ትልቁ ድርሻ የሁለተኛው ነው።

ጥፋቱ የሚገኘው በሁለት ማዕዘኖች ላይ ነው። አንዱ ካምበር የሚባለው፣ ጎማው ከኋላ ሲታይ ምን ያህል ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ እንዳዘነበለ የሚለካ ነው። እንዲህ ያሉ መኪኖች የኋላ ጎማቸው አናቱ በትንሹ ወደ ውስጥ እንዲያዘነብል ሆነው ከፋብሪካ ይወጣሉ፤ በመታጠፊያ ላይ መኪናው መሬቱን ጥሩ አድርጎ እንዲይዝ የተደረገ ነው። በዚህ ምክንያት ውስጠኛው ጠርዝ ከውጭው ትንሽ የበለጠ ጭነት ይሸከማል። ይህ ብቻውን ግን ጎማን በ17,000 ኪሎ ሜትር አያጠፋም።

ሌላውና እውነተኛው ጎማ በላተኛ በሠራተኞቻችን ዘንድ «ቶ» የሚባለው ነው። የአንድ አክስል ሁለት ጎማዎች ከላይ ሆነው ቢያዩዋቸው ፊታቸው እንደ ሰው እግር ጣቶች ወደ ውስጥ የገጠመ ወይም ወደ ውጭ የተከፈተ ሊሆን ይችላል። መኪናው ቀጥ ብሎ ሲሄድ ጎማው ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይመለከታል፤ ስለዚህ እየተንከባለለም በጎኑ ይጎተታል። አንድ የኋላ ጎማ ከትክክለኛው አቅጣጫ 0.2 ዲግሪ ብቻ ቢስት፣ ይህም ከጎማው የፊት ጫፍ እስከ ኋላ ጫፉ ሲለካ ከ3 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው፣ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 3.5 ሜትር ያህል በጎኑ እንደተጎተተ ይቆጠራል። በ17,000 ኪሎ ሜትር ሲባዛ ወደ 60 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከላስቲኩ መለጠጥ የተነሣ ሁሉም መፋቅ ባይሆንም፣ ጎማዎን ከአዲስ አበባ እስከ ሞጆ መዳረሻ ድረስ በጎኑ ጎትተው እንደ ወሰዱት አድርገው ያስቡት። ጎማው አስቀድሞ ወደ ውስጥ ያዘነበለ ስለሆነ ደግሞ ይህ ሁሉ መጎተት የሚያርፈው በውስጠኛው ጠርዝ ላይ ነው። የእርስዎ ጎማ የሚናገረው ይህንን ነው።

ለማረጋገጥ መሣሪያ አያስፈልግዎትም። መኪናው ቆሞ፣ መዳፍዎን በጎማው ጥርስ ላይ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከዚያም ከውስጥ ወደ ውጭ ቀስ አድርገው ይሳቡ፤ ሽቦ ብቅ ያለበትን ቦታ ግን አይንኩ፣ ይቆርጣል። በአንዱ አቅጣጫ ለስላሳ፣ በሌላው አቅጣጫ እንደ መጋዝ ጥርስ የሚይዝ ከሆነ «ቶ»ው ተዛብቷል። የጥርሱ ገጽ ወጣ ገባ ሆኖ በየመዳፍ ስፋቱ ጎድጎድ ያለ ከሆነ ደግሞ ጥርጣሬዬ ወደ ሾክ ወይም ወደ ባላንስ ይዞራል።

«አላይመንትማ አሠርቻለሁ» ይሉኛል። ምን ዓይነት አላይመንት እንደሆነ ግን ልጠይቅዎ፤ የተሠራው የፊቱ ብቻ ነው ወይስ የአራቱም? ከተማችን ውስጥ ለብዙ ዓመታት የተሠራው በአመዛኙ ቪትዝና ኮሮላ ነው። የቪትዝና የብዙ ኮሮላዎች የኋላ እግር ሁለቱን ጎማዎች የሚያያይዝ አንድ ወጥ ብረት ስለሆነ ካልተጣመመ በቀር የሚስተካከል ነገር የለውም። ስለዚህ ሠራተኛው የፊቱን «ቶ» አስተካክሎ መሪውን ቀጥ አድርጎ መኪናውን ይለቅ ነበር፤ ለቪትዝ በቂ ነበር፤ በዚያም ምክንያት የፊቱን ብቻ መሥራት የሙያው ልማድ ሆነ። የአይዲ 4 የኋላ እግር ግን እያንዳንዱ ጎማ ለብቻው በብዙ ክንዶች የተያዘ ነው፤ «ቶ»ውም ካምበሩም የሚስተካከሉባቸው ልዩ ብሎኖች አሉት። የሚስተካከል ነገር ደግሞ ሊዛባም ይችላል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ እንዲህ ያለ እግር ያላቸው መኪኖች በመንገዳችን ላይ በጣም በዝተዋል፤ የብዙ ጋራዦች አሠራር ግን ገና የቪትዝ አሠራር ነው። ይህን የምለው ባልደረቦቼን ለመውቀስ አይደለም፤ ባለ መኪናው ምን ብሎ ማዘዝ እንዳለበት እንዲያውቅ ነው።

የኋላው ሲዛባ የሚያመጣው ጣጣ በኋላ ጎማ ብቻ አይቆምም። መኪና የሚሄደው የኋላ ጎማዎቹ ወደሚገፉበት አቅጣጫ ነው። የኋላዎቹ በትንሹ ወደ ቀኝ ከተመለከቱ ጀርባው ወደ ቀኝ ሲገፋ አፍንጫው ወደ ግራ ስለሚዞር መኪናው ወደ ግራ መሳብ ይጀምራል፤ ሾፌሩም ሳያስበው መሪውን ትንሽ ጠምዞ ይይዛል። የፊቱ ብቻ ሲሠራ መሪው ቀና ቢልም ችግሩ ከሥር ይቀራል። ለዚህ ነው ትክክለኛው ቅደም ተከተል ኋላን አስቀድሞ ፊትን ማስከተል የሆነው።

ጋራዥ ሲሄዱ ይህን ያድርጉ። የኋላ እግሩን ማስተካከል የሚችልና የመኪናዎን ሞዴል ልኬት በኮምፒውተሩ የያዘ ባለ ካሜራ ማሽን ያለው ቦታ ይምረጡ። መኪናው ማሽኑ ላይ ከመውጣቱ በፊት የአራቱም ጎማዎች ንፋስ ይስተካከል፤ ሻንጣው ውስጥ ያለ ከባድ ዕቃ ይውረድ። ከዚያ ክንዶቹን የሚይዙት ቦኮላዎች (የመገጣጠሚያ ላስቲኮች)፣ የፊቱ ቴስቲናዎች (ተንቀሳቃሽ መገጣጠሚያዎች) እና ጎማው የሚዞርባቸው ኩሽኔታዎች በእጅ እየተነቀነቁ ይፈተሹ፤ የላላ ቦኮላ ላይ የተሠራ አላይመንት መኪናው ከጋራዡ በር ሳይርቅ ይበላሻል። ቦኮላው ደህና ሆኖ ብሎኑ ብቻ ተንሸራቶ ሊሆን ይችላል፤ ከጎድጓዳ መንገድ ወይም በአጉል ፍጥነት ከታለፈ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ የሚመጣ ምት ይህን ያደርጋል። ማሽኑ ከመስተካከሉ በፊትና በኋላ ያሉትን ቁጥሮች የሚያሳይ ወረቀት ያትማል፤ ሁለቱንም ይጠይቁና ያስቀምጡ። በወረቀቱ ላይ የኋላ ግራና የኋላ ቀኝ የሚሉ ቁጥሮች ከሌሉ የኋላው አልተሠራም። የአሁኑ ጎማዎ በጣም የተበላ ስለሆነ መጀመሪያ ያስለኩ፤ አዲሶቹን ከገጠሙ በኋላ ደግሞ በዚያው ቀን የመጨረሻውን ማስተካከያ ያሠሩ።

ከዓመታት በፊት አንድ ደንበኛ ተመሳሳይ የኋላ እግር ያለው መኪና ይዘው መጥተው ነበር። በ14 ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ የኋላ ጎማ ገዝተዋል፤ ሁለተኛው ጊዜ ላይ «ጥሩ ብራንድ» ተብለው እጥፍ ዋጋ ከፍለዋል። ማሽኑ ላይ ስናወጣው የቀኙ የኋላ ጎማ «ቶ» ከተፈቀደው ወሰን በብዙ እጥፍ ወጥቶ ነበር። ማስተካከያው የፈጀው ከአንድ ሰዓት ያነሰ ነው። እኒያ ሰው ወረቀቱን ይዘው ዝም ብለው የቆሙበትን ሁኔታ እስካሁን አስታውሰዋለሁ፤ ይህን ያህል ርዝመት ያለው ምላሽ የምጽፍልዎም እርስዎን ያ እንዳይገጥምዎ ነው።

ወደ ንፋስ ልመለስ፤ ምክንያቱም ከቪትዝ ወደ አይዲ 4 የተሻገረ ሰው ይዞት የሚመጣው ሁለተኛው ልማድ እዚህ ላይ ነው። ጎሚስታ ጋ ቆመው «32 ሙላልኝ» ይሉ ነበር፤ 32 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ማለት ነው፤ ለቪትዝ ተገቢ ቁጥር ነው። ከቪትዝ እጥፍ ለሚመዝን መኪና ግን 32 ብዙውን ጊዜ ዝቅተኛ ነው። ትክክለኛው ቁጥር በሾፌሩ በር ክፈፍ ላይ የተለጠፈው ነው፤ ለፊትና ለኋላ፣ ለባዶና ለሙሉ ጭነት የተለያየ ሊሆን ይችላል። በኪሎ ፓስካል ከተጻፈ 250 ኪሎ ፓስካል 36 ፒኤስአይ ገደማ መሆኑን ይያዙ። በጎማው ጎን ላይ የተቀረጸው ቁጥር ጎማው ሊሸከመው የሚችለው ከፍተኛው ልክ እንጂ የሚሞላው መጠን አይደለም፤ ይህን እየተሳሳቱ እስከ 50 የሚሞሉ ሰዎች አይቻለሁ፤ ያ ደግሞ መካከሉን ይበላል። ንፋሱ ያነሰ ጎማ ሁለቱን ጠርዞች ይጨርሳል፤ እንደ እርስዎ መኪና ወደ ውስጥ ያዘነበለ ከሆነ ግን ውስጠኛውን ያስቀድማል። በተጨማሪም የጎኑ ላስቲክ እየታጠፈና እየተዘረጋ ስለሚሞቅ፣ የሞቀ ላስቲክ ደግሞ ስለሚለሰልስ፣ መበላቱ ይፈጥናል። ንፋሱን ጠዋት መኪናው ሳይንቀሳቀስ ይለኩት፤ አንድ የእጅ መለኪያ ገዝተው መኪናው ውስጥ ያስቀምጡ። የጎሚስታው መለኪያ በቀን ብዙ ጊዜ ሲወድቅና ሲረገጥ የሚውል ነው፤ ሁልጊዜ እውነቱን አይናገርም። የመኪናዎ የንፋስ ማስጠንቀቂያ ከጎማዎቹ አዟዟር የሚገምት ዓይነት ከሆነም፣ ንፋሱ ዝቅ ብሎ ሳለ «አስታውስ» የሚለውን ከተጫኑ ያንን ዝቅተኛ ልክ ትክክል ብሎ ይይዛል።

ቆላ ሲወርዱ ንፋስ መቀነስ አለበት ወይ የሚለውን ጥያቄ ብዙዎች ያነሡብኛል፤ እርስዎም ድሬዳዋ ወይም አዋሽ ቢሄዱ ይገጥምዎታልና በዚህ አጋጣሚ ልመልሰው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ የከባቢ አየሩ ግፊት 11 ፒኤስአይ ያህል ሲሆን በባሕር ወለል 14.7 ነው። መለኪያ የሚያሳየው በጎማው ውስጥና በውጭው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ስለሆነ ወደ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ሲወርዱ ከፍታው ብቻ ንባቡን በ1.7 ያህል ይቀንሰዋል። ሙቀቱ ደግሞ በተቃራኒው ይጨምረዋል፤ የአየሩ ሙቀት ከ15 ወደ 32 ዲግሪ ቢወጣ ጭማሪው 3 ፒኤስአይ ገደማ ነው። ሁለቱ ሲጣፉ የሚቀረው ልዩነት አንድ ፒኤስአይ ያህል ነው። ስለዚህ ቆላ ስለወረዱ ንፋስ አያስቀንሱ። መንገድ ላይ የሞቀ ጎማ ከጠዋቱ ንባብ 4 ወይም 5 ጨምሮ ቢያገኙትም የሚጠበቅ ነው፤ ቢያስተነፍሱት በማግስቱ ጠዋት ጎድሎ ያገኙታል።

«የቻይና ጎማ ነው» የሚለውን ፍርድ አልቀበለውም። ጎማው መጥፎ ቢሆን ኖሮ ውጩም ያልቅ ነበር፤ የፊቶቹስ ለምን ደህና ሆኑ? በጎማ ጥራት ላይ መነጋገር ካለብን በጎኑ ላይ የተጻፈውን እናንብብ። በብዙ ጎማዎች ላይ «ትሬድዌር» ከሚለው ቃል አጠገብ 200፣ 400፣ 500 የሚል ቁጥር አለ፤ በአሜሪካ በተወሰነ የሙከራ መንገድ ላይ ከመነሻ ጎማ ጋር ተወዳድሮ የተሰጠ የዕድሜ ደረጃ ነው። 400 ያለው 200 ካለው እጥፍ እንደሚቆይ ይገመታል፤ ደረጃውን የሚሰጠው ግን አምራቹ ራሱ ስለሆነ በአንድ ብራንድ ውስጥ ለማወዳደር እንጂ ብራንድን ከብራንድ ለመመዘን ብዙ አይጠቅምም። ለእርስዎ ከዚህ የሚበልጠው የጭነት ቁጥር ነው። በ165/70 አር 14 የቪትዝ ጎማ ላይ 81 የሚል ያገኛሉ፤ 462 ኪሎ ግራም ይሸከማል ማለት ነው። በአይዲ 4 ላይ 105 ወይም 107 እና «ኤክስኤል» (ለከባድ ጭነት የተጠናከረ) የሚል ጽሑፍ ያያሉ፤ 105 ማለት 925፣ 107 ማለት 975 ኪሎ ግራም ነው። በስፋቱና በቁመቱ ተመሳሳይ ሆኖ 101 የተጻፈበት፣ 825 ኪሎ ግራም ብቻ የሚሸከም ርካሽ ጎማ ሊሸጡልዎ ይችላሉ፤ ቸርኬው ላይ በሚገባ ይገጥማል፤ ለመኪናው ግን አይሆንም። የተሠራበትን ጊዜም ይመልከቱ፦ «ዶት» ከሚለው ኮድ መጨረሻ ያሉት አራት አኃዞች ሳምንቱንና ዓመቱን ይነግሩዎታል፤ 2324 ማለት በ2024 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት ነው። መጋዘን ውስጥ 4 እና 5 ዓመት የቆየ ላስቲክ እየደረቀ ስለሚሄድ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም እንደ አዲስ አይክፈሉበት።

ጎማ ማዘዋወርን በተመለከተ ቪትዝ ላይ የለመዱት አይሠራም። በቪትዝ በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ የፊቱን ወደ ኋላ፣ የኋላውን አመሳቅሎ ወደ ፊት ማድረግ ይቻል ነበር፤ አራቱም እኩል ስለሆኑ። በአይዲ 4 ላይ ግን ቁጥሩን ቢያነቡ የፊቱ 235፣ የኋላው 255 ስፋት አለው፤ ፊትና ኋላ አይለዋወጡም። ግራና ቀኝ መለዋወጥ የሚቻለው በጎማው ጎን ላይ የአቅጣጫ ቀስት ከሌለ ብቻ ነው። ያም ቢሆን ጎማው ከቸርኬው ሳይወጣ ከተደረገ ውስጠኛው ጠርዝ በውስጥ እንደሆነ ይቀራል። አንዳንድ ጎሚስታዎች ጎማውን ከቸርኬው አውጥተው ገልብጠው ይገጥማሉ፤ ውጭና ውስጡ ተመሳሳይ ለሆነ ጎማ ጥሩ ዘዴ ነው፤ «ይህ ጎን ወደ ውጭ» የሚል ጽሑፍ ላለበት ጎማ ግን የተከለከለ ነው። አሁን ያሉት ጎማዎችዎ ሽቦ ሊያወጡ ስለደረሱ በማንኛውም መንገድ ለመገልበጥ አይሞክሩ።

ስለ አነዳድዎ ጥቂት ብቻ እላለሁ። ለመነሻ «ኢኮ» የሚለውን ዘዴ ይምረጡ፤ ፔዳሉን ለስለስ ያደርገዋል። መኪናው ቆሞ ሳለ መሪ አያዙሩ። ጠጠር ባለበት የሰፈር መንገድ ላይ ከቆመበት በኃይል አይነሡ፤ ለስላሳ ላስቲክን እንደ ስለት የሚቆርጠው ጠጠር ነው። በተፈጥሮ ቁልቁለት ላይ፣ ለምሳሌ ከእንጦጦ ሲወርዱ፣ «ቢ»ን ከመጠቀም ግን አይቆጠቡ፤ ለጎማ ብለው ፍሬን ማቃጠል ትክክል አይደለም። አምስት ሆነው ሻንጣውን ሞልተው ሲጓዙ የኋላው እግር ዝቅ ስለሚል ጎማው ወደ ውስጥ ማዘንበሉ ይጨምራል፤ ዘወትር እንዲህ የሚጭኑ ከሆነ ይህን ለአላይመንት ሠራተኛው አስቀድመው ይንገሩት።

አዲሶቹ ጎማዎች ተገጥመው አራቱም እግሮች ከተስተካከሉ በኋላ የጥርሱን ጥልቀት በእያንዳንዱ ጎማ በሦስት ቦታ፣ በውስጥ በመካከልና በውጭ፣ ለክተው ደብተር ላይ ያስፍሩ። የኋላውን ውስጥ ለማየት ስልክዎን ከመኪናው ሥር አስገብተው ፎቶ ማንሣት ይበቃል፤ ለመለካት ግን ጎሚስታው በክሪክ ያንሣልዎት። በ3,000 ኪሎ ሜትር አንድ ጊዜ፣ ከዚያም በየ5,000ው ይድገሙት። በውስጡና በውጩ መካከል ያለው ልዩነት ከ1 ሚሊ ሜትር ካልበለጠ በልኬቱ ይቀጥሉ። ከበለጠ የታተመውን ወረቀት ይዘው ወደ ማሽኑ ይመለሱና የኋላውን «ቶ» በዕለቱ ከነበረው ቁጥር ጋር ያስተያዩ፤ ቁጥሩ ተንቀሳቅሶ ከተገኘ የሚፈለገው የላላው ብሎን ወይም ያረጀው ቦኮላ ነው።